ሰዓት የሚዳኘው ተኩስ

የዛሬው ወጋችን የሽጉጥ ነው። የሽፍታ ወግ አይደለም፤ የጦር ሜዳም አይደለም። «እውነተኛ ፍልሚያ ምን ይመስላል?» ብለው የተነሡ ሰዎች ጨዋታ ይዘው የተመለሱበት ወግ ነው። ጨዋታው አደገና ፍልሚያውን ረሳ ተብሎ ተከሰሰ። ከሳሾቹ ወጥተው የራሳቸውን ጨዋታ አቋቋሙ። ያም በተራው በዚያው ክስ ተከሰሰ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ ነገሩ የተፈጸመው በእነሱው አገር ነውና።

ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ፣ ከሳን በርናርዲኖ ተራሮች ላይ ቢግ ቤር የሚባል ሐይቅ አለ። ጊዜው 1950ዎቹ ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በካውቦይ ፊልም ተጥለቅልቋል። ጎረምሳው ሁሉ ቀበቶውን ዝቅ አድርጎ ታጥቆ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ ሽጉጥ መምዘዝ ይለማመዳል። «ማን ቀድሞ ይመዛል» የሚል ውድድርም በየከተማው ፈልቷል። ግን ጥይቱ ወይ ባሩድ ብቻ ነው፣ ወይ ከሰም የተሠራ። ጩኸት ነው እንጂ መምታት የለበትም።

በዚያ ተራራ ላይ ጄፍ ኩፐር የሚባል ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ የማሪን ጦር ያገለገለ፣ እስከ ሌተና ኮሎኔልነት የደረሰ፣ ታሪክ የተማረና ታሪክ ያስተማረ፣ በአነጋገሩ ኮስታራ፣ በብዕሩ ስለታም ሰው ነው። ይህ ሰው ውድድሩን ወደደው፤ የሰሙን ጥይት ግን ጠላው። እውነተኛ ሽጉጥ፣ እውነተኛ ጥይት፣ ደግሞም መምታት ያለበት ዒላማ ይሁን አለ። እሱና ጓደኞቹ ሌዘርስላፕ ብለው የሰየሙትን ውድድር ጀመሩ። ያኔ የኤሌክትሮኒክ ሰዓት የለም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። 21 ጫማ ማዶ፣ ስድስት ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያላቸው ፊኛዎች ተደርድረዋል። ምልክቱ ሲሰጥ መዝዞ መተኮስ ነው። ፊኛዎቹን ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ።

አሁን ደግሞ የዚያን ዘመን እምነት ልንገራችሁ። ሽጉጥ የአንድ እጅ መሣሪያ ነው ይባላል። ዒላማ ተኳሹ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በሌላው ይተኩሳል። ፖሊሱና የኤፍቢአይ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከዳሌው እንዲተኩስ ይማራል፤ በቅርብ ርቀት ማነጣጠር ጊዜ ማባከን ነው፣ ለማነጣጠር የቆመ ይሞታል ይባላል። ይህን ያስተማሩት ተራ ሰዎች አልነበሩም። እነ ፌርቤርን በሻንጋይ ፖሊስ ውስጥ እውነተኛ ተኩስ አይተው በ1942 በመጽሐፍ ያወጡት ትምህርት ነው። ማን ደፍሮ ይከራከራቸዋል?

የተከራከራቸው ጃክ ዊቨር ነው፤ እሱም በአፉ አልተከራከረም። ዊቨር የሎስ አንጀለስ አውራጃ የሸሪፍ ባልደረባ ነበር። 1959 ላይ ረዘም ያለ አፈሙዝ ያለው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስድስት ጎራሹን ይዞ ቢግ ቤር ወጣ። ምልክቱ ሲሰጥ ሽጉጡን መዘዘ፤ ግን ከዳሌው ላይ አላቆመውም። ሁለተኛ እጁን ደግፎ እስከ ዓይኑ ድረስ አነሣው። ዘገየ ያሰኛል። ከዳሌ የሚተኩሰው ሰው ጧ! ጧ! ጧ! ያደርጋል፤ አፈሩ ይቦናል፣ ፊኛው ቆሞ ያየዋል። የዊቨር ጥይት ዘግየት ትልና ቧ! ፊኛው የለም። ደግሞ ቧ! በዚህ ዓይነት እየዘገየ ቀደመ። የዚያን ዓመት ሌዘርስላፕ ዊቨር ወሰደው።

እዚህ ላይ ኩፐርን ማመስገን ተገቢ ነው። እሱም ራሱ እስከዚያች ቀን ድረስ እንደ ሌላው ከዝቅታ የሚተኩስ ሰው ነበር። ሲሸነፍ አላኮረፈም፤ ሰውየው እንዴት እንደሚቆም፣ አንዱን እጅ እንዴት እንደሚገፋና ሌላውን እንዴት እንደሚስብ አጠና፤ «የዊቨር አቋቋም» ብሎ ስም አወጣለትና በየመጽሔቱ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ ነው የአሜሪካ ፖሊስ ቀስ በቀስ ሁለት እጁን ወደ ሽጉጡ ያመጣው። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ የሻንጋዩን ልምድና የኤፍቢአዩን መመሪያ የረታው በተራራ ላይ የተደረገ የፊኛ ጨዋታ ነው። ነገሩ ወደ ኋላ ይመጣብናል።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ሊግ መሠረቱ። ሕጋቸው አንድ ነበረ ማለት ይቻላል፦ ውድድሩ አይደገም። ዛሬ በቅርብ ከሆነ ነገ በሩቅ ይሆናል፤ ዛሬ ቆሞ ከሆነ ነገ እየተራመደ፣ ከነገ ወዲያ ከግድግዳ ጀርባ። ፍልሚያ ቀጠሮ የለውምና ተኳሹም የሚጠብቀውን አይወቅ ነው ሐሳቡ። ኩፐር፣ ዊቨር፣ ሬይ ቻፕማን፣ ኤልደን ካርል፣ ጆን ፕላን፣ ቴል ሪድ የዚያ ዘመን አውራዎች ናቸው። (ቴል ሪድ በኋላ ሆሊውድ ገብቶ ለካውቦይ ፊልም ተዋናዮች ሽጉጥ አያያዝ ያስተምር ጀመር። ከፊልሙ ሸሽተው ወደ እውነቱ ወጡ፤ እውነቱ ደግሞ ወደ ፊልሙ ተመለሰ።)

1975 ላይ ዙሪክ ስዊዘርላንድ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ፤ ቻፕማን አሸነፈ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1976፣ ኮሎምቢያ በምትባል የሚዙሪ ከተማ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን አቋቋሙ። ባለቤቶቹ ኢፕሲክ ብለው ነው የሚጠሩት። ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሦስት የላቲን ቃል መፈክር አደረጉ፤ ትርጉሙ ትክክለኝነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት ነው። በዚያው ዓመት ኩፐር አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ፖልደን አጠገብ፣ ጋንሳይት የተባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ስለዚህ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት፣ ውድድሩም ትምህርት ቤቱም ተወለዱ። መንታ ነበሩ ማለት ነው፤ መንታ ደግሞ እስኪያድግ ነው የሚመሳሰለው።

ውድድሩ እንዴት እንደሚካሄድ ያላየ ሰው ይኖራልና ወደ ሜዳው ልውሰዳችሁ። ከእንጨትና ከመረብ የተሠሩ ግድግዳዎች፣ በሮች፣ መስኮቶች አሉ። ከኋላቸው የካርቶን ዒላማ፣ ሲመታ የሚወድቅ ብረት፣ አንዱ ሲወድቅ ብቅ ጥልቅ ማለት የሚጀምር ሌላ ዒላማ ተደብቋል። ተወዳዳሪዎቹ አስቀድመው በባዶ እጃቸው ይዞራሉ። ጣታቸውን ሽጉጥ አድርገው፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ፣ ካዝና የት እንደሚቀይሩ እያሰቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ይሮጡታል። ለማያውቅ ሰው የጸሎት ቤት ይመስላል። ከዚያ የአንዱ ተራ ይደርሳል። ዳኛው ከኋላው ቆሞ ዝግጁ መሆኑን ይጠይቃል፤ «ተጠባበቅ!» ይላል፤ በእጁ የያዛት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ጢጥ! ትላለች። ሰውየው እንደ ተለቀቀ ጥጃ ይወረወራል። ሰዓቷ የእያንዳንዱን ጥይት ድምፅ እየሰማች ትመዘግባለች፤ የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ ጊዜው ይቆማል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የካርቶኑን መሀል የመታ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ከመሀሉ የራቀ ያነሰ ያገኛል፤ ከባድ ጥይት የሚተኩስ ሰው ግን ዳር ላይ ቢመታም ቅናሹ ይቀልለታል። የሳተ 10 ይቀነስበታል፤ መመታት የሌለበትን «ንጹሕ ሰው» የመታም እንዲሁ 10። የተገኘው ነጥብ በሰከንዱ ይካፈላል። 16 ጥይት የሚጠይቅ ሜዳ ነው እንበል። አንዱ ሁሉንም መሀል መትቶ 80 ነጥብ በ10 ሰከንድ ቢያመጣ ውጤቱ 8 ነው። ሌላው 72 ነጥብ በ8 ሰከንድ ቢያመጣ ውጤቱ 9 ነው፤ እሱ አሸነፈ። ፍጹምነት በጥድፊያ ተረታ። አፈሙዙን ወደ ኋላ ያዞረ ወይም ሽጉጡን የጣለ ግን ሻምፒዮን ቢሆንም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዚህ ላይ ይቅርታ የለም።

ታዲያ ሰዓት ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት ቦታ ምን እንደሚሆን ገምቱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአሪዞና ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ የሚባሉ ወጣቶች መጡ። ማሪን አልነበሩም፤ የሸሪፍ ባልደረባም አልነበሩም። የዊቨርን አቋቋም ሞከሩትና ተዉት። ሁለቱን ክንድ እኩል ወደ ፊት ዘርግተው፣ ደረታቸውን ለዒላማው ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን ልል አድርገው ይተኩሱ ጀመር። ሽጉጡ ሲረግጥ ሽቅብ ይነሣና ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። 1983 ላይ ሌተም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲያ የዊቨር አቋቋም በውድድሩ ሜዳ ላይ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ሆነ።

መሣሪያውም ተለወጠ። ርግጫውን የሚቀንስ ጭስ ማውጫ አፈሙዙ ላይ ተተከለ። የቆዳው መያዣ ሽጉጡን በአንዲት ጥፍር ብቻ ወደሚያንጠለጥል ሹካ ተቀየረ። ካዝናው ረዘመ። ከዚያ ከላይ በባትሪ የምትበራ ቀይ ነጥብ መጣች፤ ማነጣጠር ማለት ነጥቧን ዒላማው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ሆነ። በ1990 ዳግ ኬኒግ ቢያንኪ ካፕ በሚባለው ውድድር ይህችን ነጥብ ይዞ 1920 ከ1920 አመጣ፤ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል።

ኩፐር ተናደደ። ሰው በሸሚዙ ሥር ሊደብቀው የማይችለውን ሽጉጥ ይዞ መሮጥ ምን ተግባራዊነት አለው? ግድግዳ እያለ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ መተኮስ፣ ግማሽ የቀረውን ካዝና መሬት ላይ ጥሎ መሮጥ፣ ይህ ሁሉ በእውነተኛ ፍልሚያ መቃብር የሚያስገባ ነገር ነው። ድርጅቱን የመሠረተው ሰው ድርጅቱን «ተጫዋቾች ወሰዱት» እያለ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ወቀሰ። በ2006 በ86 ዓመቱ ሲሞትም በዚሁ አቋሙ ነበር።

እኔ ግን ኩፐርን የምከስበት አንድ ነገር አለኝ። በ1959 ፍጥነት ዳኛ ሆኖ የዳሌውን ተኩስ ሲጥለው ፍርዱን በደስታ ተቀበለ። ያው ዳኛ በ1983 የዊቨርን አቋቋም ሲጥለው ግን ዳኛው ተበላሽቷል አለ። ዳኛው አልተለወጠም፤ ተረቺው ወገን ነው የተለወጠው። ደግሞ ተመልከቱ፦ የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ሻምፒዮኖቹን እየጠሩ ተኩስ ተማሩባቸው፤ የሌተምና የኢኖስ አቋቋም ዛሬ በየፖሊስ ማሠልጠኛው የተለመደ ነው፤ የተጫዋች መጫወቻ ተብላ የተናቀችው ቀይ ነጥብም በፖሊስ ሽጉጥ ላይ ተተክላ ቀበቶ ላይ ትሄዳለች። መሳቂያ የነበረው ሁሉ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ መደበኛ ሆነ።

ይህ ማለት ኩፐር የተናገረው ሁሉ ባዶ ነበር ማለት አይደለም። እኛ አገር ጉግስን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጉግስ የፈረሰኛ ጦር ልምምድ ነበር፤ ሰው በሰላም ቀን ዱላ እየወረወረ፣ በጋሻ እየመከተ፣ ለጦሩ ቀን ይዘጋጅ ነበር። የፈረሰኛ ጦርነት ሲያልፍ ጉግስ አልጠፋም፤ የበዓል ጨዋታ ሆነ። ፈረሱ እውነት ነው፤ ግልቢያው እውነት ነው፤ መውደቁም እውነት ነው። ጦርነት ግን አይደለም፤ ማንም በጥምቀት ማግሥት ጉግስ ያሸነፈውን ሰው ዘምቶ መጣ አይለውም።

ኢፕሲክም ይህንኑ መንገድ አውቆ ሄደበት። የሰው ቅርጽ ከነበረው ካርቶን ራሱ ተቆረጠ፤ ዛሬ ዒላማው የኤሊ ድንጋይ የመሰለ ስምንት ማዕዘን ነገር ነው። ወታደርና ፖሊስ ያልሆነ ተወዳዳሪ ዥንጉርጉር የጦር ልብስ ለብሶ እንዳይመጣ ደንቡ ይመክራል። ብሪታንያ ከደንብሌኑ የትምህርት ቤት ግድያ በኋላ በ1997 ሽጉጥን ስትከለክል እዚያ ያሉት ተወዳዳሪዎች ወደ ሾትጋንና የፕላስቲክ ኳስ ወደሚተፋ የአየር ሽጉጥ ዞሩ፤ ስፖርቱ ግን ቀጠለ። ከሁሉም የሚገርመኝ የጃፓኑ ታትሱያ ሳካይ ነው። ጃፓን ውስጥ ተራ ሰው ሽጉጥ መያዝ አይፈቀድለትም። ሰውየው በዚያ የፕላስቲክ ኳስ መጫወቻ ተለማመደ፤ ከዚያ ካሊፎርኒያ ሄዶ ስቲል ቻሌንጅ በሚባለው የፍጥነት ውድድር በ2004 አሜሪካኖቹን በገዛ ሜዳቸው አሸነፈ። ራሱን የሚከላከልበት ሽጉጥ በቤቱ የሌለው ሰው የዓለም ፈጣን ተኳሽ ሆነ። ከዚህ በላይ ስፖርት የት አለ?

ያኮረፉት ግን አርፈው አልተቀመጡም። በ1996 ቢል ዊልሰን፣ ኬን ሃካቶርን፣ ላሪ ቪከርስና ጓደኞቻቸው አርካንሶ ውስጥ ቤሪቪል በምትባል ከተማ ዓለም አቀፉን የመከላከያ ሽጉጥ ማኅበር መሠረቱ፤ አይዲፒኤ ይባላል። ወደ መነሻችን እንመለስ ነው ነገራቸው። ሽጉጡ ሰው በየቀኑ የሚይዘው ዓይነት ይሁን፤ በልብስ ይሸፈን፤ ከለላ ካለ ተኳሹ ከለላ ይያዝ፤ ኢፕሲክ በአንድ ሜዳ እስከ 32 ጥይት ሲያስተኩስ እዚህ ከ18 አይለፍ፤ ሁኔታው ከሕይወት ይቀዳ። ባንክ ቆመሃል፣ መኪናህ ውስጥ ተቀምጠሃል፣ ልጅህን በአንድ እጅህ ይዘሃል።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሰዓቷ አብራቸው ገባች።

ልብስ ይሸፍነው ሲባል ተወዳዳሪው ሁሉ ቶሎ የሚገለጥ አንድ ዓይነት ሰደርያ ገዛ፤ ወደ ኋላ ሲመታው እንዳይመለስበት ኪሱ ውስጥ ክብደት ከተተበት። በሰኔ ፀሐይ ያንን ሰደርያ ለብሶ ሱቅ የሚገባ ሰው ሽጉጥ መያዙን ሕፃንም ያውቃል። ከለላ ያዝ ሲባል ደግሞ ስንት ሰውነቱ ወጣ፣ ስንት ገባ በሚል ክርክር ከዳኛው ጋር ተናነቁ። በመጨረሻ በ2017 ደንቡ ተለወጠና መሬት ላይ መስመር ተሰመረ፤ እግርህ መስመሩን ካላለፈ ከለላ ይዘሃል። ሸሽተውት የወጡት የኢፕሲክ መስመር ነው! አንድ የሚያስቀኝ ቅጣት ደግሞ አላቸው፤ ተወዳዳሪው አውቆ የጨዋታውን መንፈስ ካጭበረበረ 20 ሰከንድ ይጨመርበታል። የሰውን ሐሳብ በሰከንድ የሚመዝን ዳኛ ከሰማይ ካልሆነ ከየት ይመጣል? አይዲፒኤን ግን አልንቀውም። ሽጉጥ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የተቀመጠ ሰው እዚያ ሜዳ ቢወጣ በአንድ ጠዋት ስለ ራሱ ብዙ ይማራል። በተለይ መዝዞ ለመምታት የሚፈጅበት ጊዜ ከገመተው በላይ መሆኑን።

ስለ ጊዜ ካነሣን በሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ውስጥ አሠልጣኝ የነበረውን ዴኒስ ቱለርን ማንሣት አለብን። በ1983 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ቢላ የያዘ ሰው ከየት ሲነሣ ነው አደጋ የሚሆነው? ሰዎችን እያስሮጠ ለካ። ጤነኛ ሰው 21 ጫማ ሮጦ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይበቃዋል፤ ደህና ተኳሽም መዝዞ ለመምታት የሚፈጅበት ያንኑ ያህል ነው። የቢግ ቤር ፊኛዎች የቆሙባት ያችው 21 ጫማ ናት። ፊኛ ግን አይሮጥም።

ከዚያም ዋናው ነገር አለ። በሜዳው ላይ ሰዓቷ ጢጥ ስትል መተኮስ እንዳለብህ ተወስኗል፤ ካርቶኑ ጥፋተኛ ነው። መንገድ ላይ ግን ጢጥ የሚል ነገር የለም። ሰውየው እጁን ኪሱ የከተተው ስልክ ሊያወጣ ነው ወይስ ሌላ? መሸሽ ይቻላል? ከኋላው ማን ቆሟል? ነገ ዳኛ ፊት ምን ይባላል? በየትኛውም ውድድር ላይ «ሸሽቼ ወጣሁ» ያለ ሰው ዜሮ ነው የሚያገኘው፤ በሕይወት ግን ብዙ ጊዜ አሸናፊው እሱ ነው። ኩፐር ራሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በ1972 ስለ ራስ መከላከል የጻፋት ትንሽ መጽሐፍ ስለ ንቃትና ስለ ቁርጠኝነት እንጂ ስለ ተኩስ አትናገርም ማለት ይቻላል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ ብሎ በቀለም የከፈለው የንቃት ደረጃም ሽጉጡ ከመመዘዙ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ስለዚህም ደህና የራስ መከላከያ አሠልጣኞች ቀለም የምትረጭ የልምምድ ጥይት እያጎረሱ ሰውን ከሰው ጋር ያገናኛሉ፤ ከተለማማጁ ፊት የሚመጣው ሰው አንዳንዴ መንገድ የጠፋበት እንግዳ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ሽጉጡን አለመንካት ነው።

ደህና ያልኩት ደህና ያልሆኑም ስላሉ ነው። ጥቁር ከነቴራ ለብሰው፣ «ስፖርት ያስገድልሃል» እያሉ ኮርስ የሚሸጡ አሉ። ሰዓት አምጡ ሲባሉ ፍልሚያ በሰዓት አይለካም ይላሉ። ሰዓት ፊት ቆሞ የማያውቅ አሠልጣኝ እኮ ተሸንፎ አያውቅም።

እነዚህ ሰዎች የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። ኒውሃል፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚያዝያ 1970፣ እኩለ ሌሊት ግድም። የአውራ ጎዳና ፖሊሶች ሁለት ወንጀለኞችን አስቆሙ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አራት ፖሊሶች ሞቱ። ከመካከላቸው አንዱ ስድስት ጎራሹን መልሶ ሲያጎርስ ነው የተገደለው። ኪሱ ሲፈተሽ ስድስት ቀለህ ተገኘ ይባላል፤ በተኩስ ሜዳ ቀለህህን ልቀም፣ አታቆሽሽ ስለተባለ በሞት ሰዓትም እጁ ያንኑ አደረገ። የሜዳ ልማድ ገደለው ተባለ። ታሪኩ በየማሠልጠኛው ለዓመታት ተነገረ፤ ሰሚውን ሁሉ አስደነገጠ። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። በኋላ መዝገቡን የመረመሩ ሰዎች እንደጻፉት ቀለሆቹ የተገኙት መሬት ላይ ነው። ልጁ ጥሏቸው ነበር፤ ሳይደርስለት ቀረ እንጂ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሚያዝያ 1986 ማያሚ ላይ ኤፍቢአይ ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን መኪና በመኪና ገጭቶ አስቆመ። ከመሥሪያ ቤቱ ምርጥ ተኳሽ ይባል የነበረው ቤን ግሮጋን በግጭቱ መነጽሩ ወደቀበት፤ ከሞቱት ሁለት ባልደረቦች አንዱ እሱ ሆነ። ተኩሱን የጨረሰው አንድ ክንዱን ጥይት የሰባበረው ኤድ ሚሬለስ ነው፤ ሾትጋኑን በአንድ እጁ እያቀባበለ፣ ያ ሲያልቅ ሽጉጡን መዝዞ እየተራመደ። የትኛው ውድድር ነው መነጽርህን ነጥቆ፣ ክንድህን ሰብሮ «ተጠባበቅ» የሚልህ?

እንግዲህ ውድድር ለፍልሚያ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብላችሁ ምስክር ብትጠሩ፣ እኔ የምጠራው ጂም ሲሪሎን ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ ነበር። በ1968 ከተማይቱ በሱቅ ዘረፋ ስትታመስ ፖሊስ አንድ ልዩ ክፍል አቋቋመ። ደጋግሞ የተዘረፈ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ወይም ከሐሰት ግድግዳ ጀርባ፣ ሁለት ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይጠብቃል። ዘራፊ ከመጣ ይወጣሉ። ሲሪሎና ጓደኛው ቢል አላርድ ሁለቱም የተኩስ አሠልጣኞችና የፖሊስ ተኩስ ውድድር አዘውታሪዎች ነበሩ። ባልደረቦቻቸው እንደተለመደው «ወረቀት መልሶ አይተኩስም» ይሏቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን መጣ። ሲሪሎ ራሱ እንደተረከው፣ መሣሪያ የያዙት ዘራፊዎች ፊት ብድግ ሲል የጥይት መከላከያው አንድ ቁራጭ ተላቆ መሬት ላይ ወደቀና ተንኳኳ። ዘራፊዎቹ ዞሩ። በፍርሃት መሀል ሆኖ ግን አንድ ነገር አስገረመው፤ የሽጉጡ ማነጣጠሪያ ዓይኑ ፊት ጥርት ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ቆሞ ታየው። ማን እንዳነሣው፣ ማን እንዳስተካከለው አላወቀም። ለዓመታት በውድድር ሜዳ የደገመው እጁ ሳይጠየቅ ሠራ። ሲሪሎ ከዚያ በኋላ በብዙ ተኩሶች ውስጥ አለፈ፤ ክፍሉ በ1973 ሲፈርስ እሱ ግን በሕይወት ነበረ። ፍርሃትን ያሸነፈለት ጀግንነት ነው አላለም። በሕዝብ ፊት፣ በጫና ሥር፣ ተሸናፊነትን እየፈሩ መተኮስን መልመድ ነው አለ።

በኋላ መጽሐፍ ሲጽፍ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ጓደኛ ብመርጥ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ብሎ ዘረዘረ። ተወዳዳሪ ተኳሽ ነህ? በትልልቅ ውድድር ላይ በጫና ሥር ቆመህ ታውቃለህ? ሽልማትስ አግኝተሃል? እስከዚህ ድረስ ሌተምም ኢኖስም እያጨበጨቡ ያልፋሉ። ዝርዝሩ ግን አላለቀም። አዳኝ ነህ? ከቤት ውጭ የሚደረግ የጉልበት ስፖርት ትወዳለህ? ዕድሜህ ከ28 ካለፈ አግብተሃል? ልጆች አሉህ? በአካባቢህ ማኅበራዊ ጉዳይ ትሳተፋለህ? ከሁለት በላይ «አይደለሁም» ያለውን ሰው አልወስደውም ነበር ይላል ሲሪሎ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከዋንጫና ከአደን በታች፣ ሰው ትወዳለህ ወይ የሚልም አለበት።